የሁርካ ጥርስ ተመልካች

በዓመት አንድ ቀን የሁርካ ተማሪዎች የኢደኦን ጥርስ ሊያዩ ይመጣሉ።

ሰልፉ ከትልቁ ቧንቧ ጥግ ይጀምርና እስከ በሩ ይደርሳል። ኢደኦ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ይቀመጣል። አንገቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይዞርም፤ አጎንብሶ መሬት ማየት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ልጁ ወደ እሱ ይጠጋል እንጂ እሱ ወደ ልጁ አይጠጋም። አፉን ይከፍታል። መምህሯ በትንሽ መብራት ታበራለች። ልጁ ያያል፤ ያልፋል። ሌላው ይመጣል።

"ይሄ ቡናማው ምንድን ነው?" ይላል አንዱ፣ በየዓመቱ።

"ውሃ ነው" ይላል ኢደኦ።

ልጆቹ አያምኑትም። እነሱ የሚያውቁት ከመሬት ሆድ በእንፋሎት ወጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ቀዝቅዞ በየቤቱ የሚወርደውን ውሃ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕምም የለውም። ጥርስ የሚያጠቁር፣ አጥንት አድርቆ ሰውን እንደ ግንድ የሚያስቀር ውሃ ለእነሱ ተረት ነው። ተረት አለመሆኑን እንዲያውቁ ነው በዓመት አንድ ቀን የሚያመጧቸው።

ዘንድሮ ከሰልፉ መጨረሻ የነበረች ቀጭን ልጅ አይታ አላለፈችም።

"ለምን አላስቀየሩትም? አያቴ አስቀይራለች።"

"ላንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ?"

"ባስቀይረው ኖሮ ይሄኔ ሒሳብ ትማሪ ነበር።"

ልጅቷ አሰበችበትና ሳቀች። ጥርሷ ነጭ ነበር። የሁሉም ነጭ ነው።

ተማሪዎቹ ሄዱ፤ ጸጥታው ተመለሰ። ሁርካ ጸጥ ያለ አገር ነው። የሚጮህ ጄኔሬተር የለም፤ እንጨት የሚፈልጥም የለም። ቤቱ ሁሉ የሚያበስለው፣ የሚሞቀው፣ ልብሱን የሚያደርቀው ከቧንቧው ነው። ጭስ ከጠፋ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሴቶቹ ዓይናቸው አይቀላም። ሕፃናት ደረታቸው ሲርገበገብ አያድርም። የሚቆርጠው ስለሌለ ግራሩ ከኮረብታው ወርዶ በረንዳ ድረስ መጥቷል፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ በኢደኦ በር ታልፋለች።

ሰው ግን 'እንደምን አደርክ' ለማለት በሰው በር ጎራ አይልም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እያንዳንዱ ሰው በሩ ላይ በተተከለች የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይተነፍሳል። ቱቦዋ አረንጓዴ ትሆናለች። "ደህና አድረዋል" ትላለች። ያልተነፈሰ ሰው ካለ ከጤና ጣቢያ ሊያዩት ይመጣሉ። ሁሉም ስለሚተነፍስ ማንም አይመጣም።

ኢደኦን ከሁሉ የናፈቀው ሳል ነው። ድሮ ሰው ወደ ሰው ቤት ሲጠጋ ከአጥሩ ውጭ ይስል ነበር፤ ወይም ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። የቤቱ ባለቤት የመጣው ማን እንደሆነ በሳሉ ለይቶ "ግባ" ይላል። አሁን የሚስል የለም። ወጣቶቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በር ላይ ቆመው ይገኛሉ። ኢደኦ አንገቱ ስለማይዞር ሰው ከኋላው ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አያውቅም።

የዚያን ቀንም ሂክመት ከኋላው ቆማ ነበር።

"አባ ኢደኦ፣ እኔ ነኝ።"

መላ አካሉን ይዞ ዞረ። ሂክመት የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሰው ስታናግር ድምፅዋን አታነሳም።

"ባለፈው ወር የሰጡን ምራቅ ውጤት ይዤ ነው የመጣሁት።"

"በሽታ ተገኘብኝ?"

"በሽታ አይደለም። እህት ተገኘችብዎት።"

ኢደኦ "እህት የለኝም" አለ። "ነበረችኝ። በስድስት ዓመቷ ሞታለች።"

"ማን ነገረዎት?"

"ጎረቤት።"

"ጎረቤትዎ ተሳስቷል።"

በእጇ የያዘችውን ሰሌዳ በእሱ ዓይን ትክክል ከፍ አድርጋ ያዘችለት፤ አንገቱን ታውቃለች። ሰሌዳው ላይ ጠጉሯ የሸበተ ሴት አለች። አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ለጤና ቢሮ ሁሉም ሰው እንደሚነሳው አፏን ከፍታ ነው የተነሳችው። ኢደኦ ፊቷን አላየም። ጥርሷን አየ። ነጭ፣ ጤነኛ፤ በላይ በግራ በኩል ያለው ክራንቻ ብቻ ጎረቤቱን ትንሽ ተጭኖታል።

"ይቺን ሴት አውቃታለሁ" አለ።

*

ወጣት ሳለ በአህያ ጋሪ ውሃ እያዞረ ይሸጥ ነበር። ሰባት ጉድጓዶች ነበሩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ በጠጪው ጥርስ ላይ የራሱን ምልክት ያስቀራል። የጨፌው ጉድጓድ የጥርሱን ጠርዝ ብቻ ይበላል። የላይኛው ሰፈር ውሃ እንደ ኖራ ነጠብጣብ ያሳርፋል። የቦሮ ጉድጓድ ደግሞ ከሥር እስከ ጫፍ ቡናማ ያለብሰዋል። ኢደኦ አሥር ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ሲያይ ኖሮ፣ አንድ ሰው ሲስቅ ብቻ አይቶ ያደገበትን ጉድጓድ መናገር ቻለ። ሠርግ ቤት ሲጠራ ያጫውትበት ነበር።

በ2041 ዓ.ም. የእንፋሎቱ ከተማ ሲሠራ ጨዋታው ሥራ ሆነ። ቤቱ በቅድሚያ የሚታደለው በዚያ ክፉ ውሃ ለተጎዳው ያገሩ ተወላጅ ነው ተባለ። ሰው ግን ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ጭስ የሌለበትን ቤት፣ የማያልቅ ንጹሕ ውሃን ማን ይጠላል? የልደት ወረቀት በሐሰት ይሠራል። ምራቅ የሚመረምረው ማሽን ወረፋው ሁለት ዓመት ነበር፤ ቤቱ ተከፋፍሎ የሚያልቀው በሦስት ወር ነው። ስለዚህ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። አራቱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አምስተኛው ኢደኦ።

ዝምድና እንዳይገባበት የኮሚቴ ሰው ስሙን አይናገርም። የቀረበውንም ሰው ፊት ለፊት አያናግረውም፤ የሚናገረው ለጸሐፊው ነው። ሰውየው ቀርቦ አፉን ይከፍታል። ኢደኦ ያያል። ለጸሐፊው "ይግባ" ይላል፤ ወይም "ይመለስ" ይላል። ከዚያ አሻራውን ያሳርፋል።

ሴትየዋ የመጣችው በሁለተኛው ወር ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛለች።

"ኩለኒ ቱፋ እባላለሁ። የታች ሰፈር ልጅ ነኝ።"

ቱፋ የኢደኦ አባት ነው። ታች ሰፈር የሚጠጣው የቦሮን ጉድጓድ ነበር፤ ከሰባቱ የከፋውን። ቱፋ እንደ በር መቃን ደርቆ ነው የሞተው። ኢደኦ ራሱ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አጎቱ ወደ ሩቅ የሸንኮራ እርሻ ወሰደው፤ እሱ ሲሄድ እናቱ እርጉዝ ነበረች። በሃያ ዓመቱ ሲመለስ እናቱ የለችም። ጎረቤት እንዲህ አለው፦ ኩለኒ የምትባል ልጅ ወልዳ ነበር፤ እናትህ ስትሞት ልጅቷን አክስቷ ወደ ተራራው ማዶ ወሰደቻት፤ እዚያም ሞተች አሉ።

ኢደኦ ባለሻንጣዋን ልጅ አፏን አስከፈታት። አንድም ነጠብጣብ የለም።

"የሞተ ልጅ ስም ይዛ ነው የመጣችው" አለ ለጸሐፊው። "በቦሮ ውሃ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም። ትመለስ።"

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ልጅቷ አልተከራከረችም። የኢደኦን አፍ አየች። ከዚያ የአራቱን ሽማግሌዎች አፍ ተራ በተራ አየች። ከዚያ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። ኢደኦ በዚያ ምሽት እራቱን ደህና አድርጎ በላ።

*

"ከዚያ በኋላ የኖረችው ከተራራው ማዶ ነው" አለች ሂክመት። "መስመሩ እዚያ አልደረሰም። አርባ ዓመት ምግብ ቤት ውስጥ በእንጨትና በኩበት አብስላለች። ሳንባዋ አልቋል።"

"እዚህ ምን ትፈልጋለች?"

"የትንፋሽ ቤቱን ነዋ፤ ሳንባ የሚታከምበትን። እዚያ ከገባች ጥቂት ዓመት ትኖራለች። ከተራራው ማዶ ከቆየች ክረምቱን አትሻገርም። ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚገባው ደግሞ እዚህ የሚኖር ዘመድ ሲጠይቅለት ብቻ ነው። ጥያቄው እስከ ዓርብ ጠዋት ካልቀረበ አልጋዋ ለሌላ ይሰጣል።"

"ልጠይቅላታ።"

"መዝገቡ ላይ 'ሐሰተኛ' ተብላ ተጽፋለች፤ በእርስዎ አሻራ። መጀመሪያ እሱ መታረም አለበት።" ሂክመት ሰሌዳውን ዝቅ አደረገች። "አንድ ስህተት ከታረመ ደግሞ ሕጉ ሁሉም ይከፈት ይላል። ያኔ የመለሷቸው ሰዎች ሁሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።"

ኢደኦ ቧንቧውን አየ። አንገቱ የሚያሳየው እሱን ነው።

"ምራቁ ተሳስቷል" አለ።

"ምራቅ አይሳሳትም፣ አባ።"

"ጥርስም አይሳሳትም። ይቺ የቦሮን ውሃ አልጠጣችም።"

"ሌላ ውሃ ጠጥታ ይሆናላ።"

"በዚያን ጊዜ ሌላ ውሃ አልነበረም፣ ልጄ።"

ሂክመት አልተከራከረችም። "ዛሬ ማክሰኞ ነው" ብላ ሄደች። እርምጃዋ አልተሰማም።

ወደ ማታ ግድም ቡሴር መጣ። ቡሴር ያኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበር። አራቱ ሽማግሌዎች ከሞቱ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በየማታው ገበጣ ይጫወታሉ፤ የኢደኦን ቤት የሚረግጥ ሌላ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ጠጠሮቹን አልነካም።

"ሂክመት እኔም ጋ መጥታ ነበር" አለ። "የእጅ ጽሑፉ የኔ ስለሆነ።"

"ምን አልካት?"

"ዓይኔ አያይም አልኳት።"

"ትናንት አምስት ጠጠር ስትሰርቀኝ ታይ ነበር።"

ቡሴር አልሳቀም። "ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ኢደኦ። ግማሹ ሞቷል። የቀረው ልጆቹን አስከትሎ በዚህ መንገድ ይመጣል። በጭስ የታፈነው፣ ዓይኑ የጠፋው ሁሉ። 'ያ ጥርስ ያየው የቱ ነው? ያ የጻፈውስ?' ይላል። እኔ እዚህ አገር የልጅ ልጆች አሉኝ። አንተ ማን አለህ?"

ኢደኦ አንድ ጠጠር አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

"እንዲያ ለማለት ፈልጌ አይደለም" አለ ቡሴር።

"ብለኸዋል።"

"ቆይ፣ እህትህ መሆኗን አንተስ አምነሃል?"

"አላመንኩም።"

"እንግዲያው ተወዋ። ሌላ ሰው ለመሆን ረፍዶብናል።" ተነሥቶ ሄደ። የገበጣው እንጨት ጠጠሮቹን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

*

ረቡዕ ጠዋት ኢደኦ በቱቦዋ ተነፈሰ። "ደህና አድረዋል" አለችው። ዱላውን፣ ዳቦና ውሃ መያዣውን ይዞ ወደ ታች ሰፈር ወረደ።

ታች ሰፈር የሚባል ሰፈር የለም አሁን። ሰው ሁሉ ወደ አዲሶቹ ቤቶች ከተነሳ ወዲህ ዱር ሆኗል። ግራሩ ጥቅጥቅ ብሎ መንገዱን ውጦታል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ቅጠል ይረግፋል። በልጅነቱ ይሄ ሁሉ ምድረ በዳ ነበር፤ እናቱ አንድ ሸክም እንጨት ፍለጋ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ከቀትር በኋላ ነበር የምትመለሰው። አሁን እንጨቱ ወድቆ ይበሰብሳል። የሚያነሳው የለም።

እግሩን ስለማያየው በዱላው እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። የአንድ ሰዓቱ መንገድ አራት ሰዓት ፈጀበት። የቤታቸውን ቦታ ያገኘው በአጥሩ ቁልቋል ነው። ቁልቋሉ ዛፍ አክሎ ቆሟል። የቤቱ መሠረት ድንጋይም አለ።

ከቤቱ ጀርባ መሬቱ የተሰነጠቀበት አንድ ቦታ ነበር። እንፋሎት ይተፋል። ልጆች እንዳይጠጉት ይከለከላሉ፤ አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ እጁን አቃጥሎታል። ኢደኦ ያንን ስንጥቅ ያስታውሰዋል። ራቁቱን የሆነ፣ ምንም ያልተሠራበት ስንጥቅ ነበር።

አሁን ግን ተሠርቶበታል። ዙሪያውን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቧል፤ ወገብ ይደርሳል። በላዩ ሰፋፊ ዝርግ ድንጋዮች ተጋድመው ተደግፈዋል። ድንጋዩ ሽበት ለብሷል። እንፋሎቱ ከውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ሥሩ ምን እንዳለ ለማየት ማጎንበስ አለበት። ማጎንበስ አይችልም። ዱላውን ተክሎ፣ ጉልበቱን አስቀድሞ፣ እንደተቆረጠ ግንድ በጎኑ ወደቀ። መነሳት እንደሚከብደው ያውቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬትን ከቅርብ አየ።

በተጋደመው ድንጋይ ሆድ ላይ በምስማር የተፋቀ ቦይ አለ። ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም። ጠል በቦዩ ወርዶ ጫፉ ላይ ይቋጠራል። ቆይቶ አንድ ጠብታ ይወድቃል። ጠብታው በሚያርፍበት ቦታ ድንጋዩ ለጣሳ ተጎድጉዷል። ከጉድጓዱ አጠገብ፣ በሁለት ድንጋይ መሐል፣ ፀሐይ የማይነካው ሥርቻ ውስጥ አንድ ነገር ተሸጉጧል። እጁን ሰዶ አወጣው።

የሕፃን ጡጦ ነበር። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉ ተሰንጥቋል።

ኢደኦ የውሃ መያዣውን ክዳን ከጠብታው ሥር አስቀመጠና ጠበቀ። ፀሐይዋ ከቁልቋሉ ወዲህ ነበረች፤ ከቁልቋሉ ወዲያ አለፈች። ክዳኑ ገና ግማሽ አልሞላም። አንድ ጡጦ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል ብሎ አሰበ። ከንፈሩ ላይ አደረገው። ጣዕም የለውም። በየቀኑ ከቧንቧው የሚጠጣው ውሃ ነው።

እንደተኛ አንድ ቀን ትዝ አለው። አጎቱ ሊወስደው የመጣ ቀን። እናቱ ሆዷ ገፍቷል። አውራ ጣቷን ከላይኛው ከንፈሩ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ገልባ ጥርሱን አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። አዲሶቹ የፊት ጥርሶቹ ገና መውጣታቸው ነበር፤ ቡናማ ሆነው ነው የወጡት። አፉ ውስጥ ቁስል የምትፈልግ መስሎት ነበር። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ "በል ሂድ" አለችው።

ጥርስ ማየት ከእሷ የወረሰው ነው። ይህን እስከ ዛሬ አላወቀም።

በካቡ ላይ እየተንጠላጠለ ተነሳ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ጡጦውን ኪሱ ከተተው። ቤቱ ሲደርስ ገና አልጨለመም ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደ። ሂክመት ወንበር ሰጠችው፤ ቆሞ ቀረ። ከተቀመጠ ሰው ካላነሳው አይነሳም፤ መነሳትን ትናንት ጨርሶታል።

"ጻፊ" አለ።

"ምን ብዬ?"

"'ጥርሱን ያየሁት በትክክል ነው። ያላወቅሁት ውሃውን ነው።'"

"አባ፣ ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም።"

"ከታች ጻፊው።"

ከታች ጻፈችው። አሻራውን አሳረፈ።

"የሌሎቹስ?" አለች። "እርግጠኛ ነዎት?"

"የጠየቁሽን ቤቴን አሳዪያቸው። ቡሴርን ተዪው፤ እሱ የጻፈው እኔ ያልኩትን ነው።"

በዚያ ማታ ቡሴር አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ወሬው ከተማውን ሲዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የጎረቤት ሴት በሩን ስታልፍ ድሮም አትናገርም፤ አሁን ግን አለመናገሯ ይታወቃል። መምህሯ መልእክት ላከች፤ የሚመጣው ዓመት የጥርስ ቀን በስዕል ቢሆን ይሻላል ተብሏል። ኢደኦ የገበጣውን ጠጠሮች ሰብስቦ በጡጦው ውስጥ ጨመራቸው። ጠዋት ጠዋት ተነፈሰ። ደህና አድሮ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሂክመት "ዛሬ ትደርሳለች" አለችው።

አውቶቡሱ የሚቆመው ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ድምፅ የለውም። ኢደኦ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ቆሞ ነበርና መምጣቱን አላወቀም። የሰማው ሳሉን ነው።

ጥልቅ፣ ደረቅ፣ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሳል። የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበችው። ልጁ "ምንድን ነው ድምፁ?" አለ። ኢደኦ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ከኋላው እየመጣ መሆኑን ሳያይ አወቀ። ሳያስበው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድሮ ከአጥር ውስጥ ሆነው እንደሚመልሱት።

ከዚያ መላ አካሉን አዞረ።

ትንሽ ሴት ናት። ጀርባዋ እንደ ልጃገረድ ይታዘዛል፤ ጎንበስ ብላ ሻንጣዋን ያለ ችግር አስቀመጠች። ትንፋሿ ግን ከአንገቷ አያልፍም። አንዱን ቃል ከሌላው በሳል ትለየዋለች።

"እርስዎ ነዎት?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"አፍዎን ይክፈቱ።"

"ምን?"

"ተራዬ ነው።"

ሰው ሁሉ እያየ ከፈተው። ጠጋ ብላ አየች። አልቸኮለችም። ፊቷ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም። እሱም በዚያን ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያየው።

"እማዬ 'ወንድምሽን በጥርሱ ትለዪዋለሽ' ትለኝ ነበር" አለች። ሳለች። "ያን ቀን መጥቼ ባይ አምስታችሁም ቡናማ ናችሁ። የቱን ልጥራ?"

ኢደኦ የውሃ መያዣውን ከፍቶ በጣሳ ቀዳና ዘረጋላት። ተቀብላ ጎነጨች። ወዲያው አልዋጠችውም፤ አፏ ውስጥ ያዘችው። ዓይኗን ወደ ቧንቧው አነሳች፤ በቧንቧው ተከትላ እስከ ከተማው፣ እስከ ቤቶቹ ጣራ ድረስ አየች።

"ይሄን ሁሉም ሰው ይጠጣዋል?"

"ሁሉም።"

"እስኪጠግብ?"

"እስኪጠግብ።"

"እማዬ አንዷን ጡጦ ግማሽ ቀን ነበር የምትጠብቀው።"

"አውቃለሁ። አይቼዋለሁ።"

"እሷ አንድ ቀን አልቀመሰችውም" አለች ኩለኒ። "የቦሮን ነበር የምትጠጣው። ነይ ቅመሺ ስላት፣ ለእኔ አይስማማኝም ትል ነበር።"

ይህን አያውቅም ነበር። ከተካበው ድንጋይ ሥር ተኝቶም ይህን አላሰበም።

ሂክመት ሰሌዳዋን ይዛ ቀረበች። "ይቅርታ" አለች፤ "ሕጉ እርስዎንም ይጠይቃል፣ እማማ። የትንፋሽ ቤቱ የታመመው ሰው ያልፈቀደውን ጠያቂ አያስገባም። እሳቸው እየገቡ ይጠይቁዎት?"

ኩለኒ ወደ ኢደኦ አላየችም። ጣሳውን በሁለት እጇ እንደያዘች ሂክመትን ብቻ አየች። ሳሉ መጣባት፤ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ይግባ" አለቻት።

ከዚያ ባዶውን ጣሳ ወደ እሱ ዘረጋች።

"ጨምርልኝ።"